የማኅበሩ ጓጉንቸር

ደምመላሽ የተገኘው በቡና መጋዘኑ ውስጥ፣ ከበሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነው። የቦንጋ ጉም ገና አልተገፈፈም። መጋዘኑ የነቀዝ መድኃኒት ተደርጎበት ስለነበር ጋዙ እስኪወጣ ተጠብቆ ሬሳው ሲነሣ፣ የገበሬዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመው ነበር። ዓይናቸው ግን ሟቹ ላይ አልነበረም። የልጅ ልጃቸውን የሣህሌን እጅ ነበር የሚያዩት፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ነውና።

እንዲህ እንዲሆን ያደረጉት ራሳቸው ናቸው። ዓምና፣ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ቢሮውን ሁሉ ባተራመሰበት ሰሞን፣ ማኅበሩ ቡና የማበጠሩንና የማከማቸቱን ሥራ ለአቶ ሚሊዮን ድርጅት በኮንትራት ሰጠ። ያኔ በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ነበረ፤ አንዱ የድርጅቱ፣ አንዱ የማኅበሩ። ማታ ሲዘጋ ሁለቱ ቁልፍ ያዦች መጋዘኑን አብረው ዞረው «ሰው አለ?» ብለው ይጣራሉ። ሚሊዮን ይህ ሥራ ያጓትታል፣ ውል ካለ እምነት ይበቃል አለ። የማኅበሩ ተቆጣጣሪ ደምመላሽ ተነሥቶ፣ «ሥራችንን እንስጥ፤ ዓይናችንን ግን አንስጥ» ሲል፣ ሚሊዮን ደምመላሽ ቁልፍ ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም ብሎ ጉባኤውን አሳቀ። እትዬ በላይነሽም ሳቁ። ድርጅቱ ሣህሌን ንብረት ክፍል ቀጥሮት ነበርና፣ የገዛ የልጅ ልጄ በሩ ላይ እያለ ምን ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል ብለው ድምፃቸውን ለሚሊዮን ሰጡ። ከበሩ የወለቀውን የማኅበሩን ጓጉንቸር ወስደው የልብስ ሣጥናቸውን ዘጉበት።

ኢንስፔክተር ከዲጃ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ሣህሌ ከዋጫ ከተማ ማታ ተመልሶ መድኃኒቱን እንዳደረገና እንደዘጋ ነገራት። ሚሊዮን ከምሳ በኋላ አሞት ቤቱ ተኝቶ እንደዋለ ተናገረ። እሷ መጋዘኑ ውስጥ ከተቀመጡት የማር ባልዲዎች ሥር የረገፉትን ንቦች በወረቀት አፈሰች፤ ከመጋዘኑ ውጪ ካለው የቡና ማበጠሪያ ማሽን ጀርባ ሄዳ የገለባውን ጉድጓድ አጎንብሳ አየች። ከዚያ ቤታቸው ከአጥሩ ማዶ ወደሆነው ወደ እትዬ በላይነሽ መጣች።

«ትናንት የሰሙት ነገር አለ?»

ሰምተዋል። ማሽኑ ከምሳ ጀምሮ እስኪመሽ ሲያጓራ ነበር። ቢናገሩ ግን ሣህሌን አሳልፈው የሚሰጡ መሰላቸው። «እኔ እንጃ ልጄ፣ ጆሮዬም ደክሟል።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ንቦች ቀን ከማሩ ሥር አይጠፉም፤ ሲመሽ ወደ ቀፏቸው ይሄዳሉ» አለች ከዲጃ። «እዚህ ተዘግቶባቸው ሞተዋል። ሣህሌ፣ መድኃኒቱን ያደረግኸው ቀን ነው።»

ሣህሌ አንገቱን ደፋ። ሚሊዮን እኩለ ቀን ላይ መድኃኒቱን አድርጎ ቶሎ ዘግቶ፣ በመኪና ጭነት ይዞ ዋጫ እንዲሄድ አዞት ነበር፤ ዛሬ ጧት ደግሞ ማታ ነው በል አለው። «ብቻዬን ስለነበርኩ አልዞርኩም» አለ።

«የሟቹ እጆች በሩን ሲደበድቡ ቆስለዋል። ለምን ሰው አልሰማውም?»

እትዬ በላይነሽ ተነሡ። «ማሽኑ ነው። ዋሽቼሻለሁ፣ ልጄ። ሲያጓራ ሰምቼ እሰይ፣ ሥራችን ተፋጠነ ብያለሁ።»

«የገለባው ጉድጓድ ግን ባዶ ነው፣ እትዬ። ቡና ሳይገባበት የሚነሣ ማሽን ጥቅሙ ድምፁ ብቻ ነው። ሣህሌን ከሰዓት በኋላ ዋጫ ያሉ የጭነት መመዘኛ ሠራተኞች አይተውታል። የሞተሩን ክፍል ቁልፍ በውሉ መሠረት የሚይዘው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ ሚሊዮን ዞሩ። ከዲጃ ቀጠለች። ደምመላሽ በሩ ተከፍቶ ሲያገኝ ገብቶ፣ ከኋላ የተደረደሩትን ጆንያዎች ቀዶ ነበር፤ ላያቸው የአገሩ ምርጥ የማንኪራ ጫካ ቡና ይላል፣ ውስጣቸው ከሌላ አገር የመጣ ተራ ቡና ነው።

«መግባቱን አላወቅሁም» አለ ሚሊዮን በቀስታ። «ሲጮህ ነው ያወቅሁት። ቁልፉ ዋጫ ሄዷል፤ ምን ላድርግ?»

«እርዱኝ ብሎ ለመጮህ ቁልፍ አያስፈልግም» አለች ከዲጃ።

ሚሊዮንን በካቴና ወሰዱት። ሣህሌም ሳይዞር ስለመዝጋቱና ስለ ውሸቱ ቃሉን ሊሰጥ ተከተለ። እትዬ በላይነሽ ቤታቸው ደርሰው፣ ጓጉንቸሩን ከሣጥኑ ፈትተው ወደ ከዲጃ ተመለሱ።

«የኔንም ቃል ተቀበዪ። ይህን ከበሩ ያስነሣሁት እኔ ነኝ።»

«ድምፅ መስጠት ወንጀል አይደለም፣ እትዬ።»

እትዬ በላይነሽ ጓጉንቸሩን እንደያዙ ወደ መጋዘኑ ገብተው ከጆንያ ጆንያ እየዞሩ «ሰው አለ?» እያሉ ተጣሩ። እስከ መጨረሻው ጥግ ሄዱ። ከዚያ ወጥተው በሩን በማኅበሩ ጓጉንቸር ዘጉት።