የጉቶው ዕድሜ

«ሰላሳ አንድ» አለች ለሦስተኛ ጊዜ። ጉቶው አጠገብ ተንበርክካ የመጨረሻውን ቀለበት በመርፌ ቁልፍ ጫፍ ነክታዋለች። ግንድ በየዓመቱ አንድ ቀለበት እንደሚጨምር ያስተማራቸው የባዮሎጂ መምህራቸው ነው። ቆጠራው የሷ ድርሻ ነበር፤ ያገኘችውን ሁሉ ካልለካች ስለማይሆንላት ክፍሉ በሙሉ «ሜትሮ» ይላታል።

ችግሩ የጓደኛዋ ጽሑፍ ነው። ነፋስ አዘንብሎት ባለፈው ወር የተቆረጠውን ዛፍ በሂሳብ፣ በባዮሎጂ፣ በታሪክና በቋንቋ እንዲያጠኑት ታዘዋል። አንድ ሥራ፣ ለአራቱም ትምህርት አንድ ውጤት። ታሪኩን የያዘችው ጓደኛዋ ዘበኛውን አባባን እንዳነጋገረች፣ እሳቸውም ዛፉን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት በእጃቸው እንደተከሉት አንጀት በሚበላ አጻጻፍ ጽፋለች። ሜትሮ ስታነበው አልቅሳ ነበር። አሁን እንባዬን መልሺ ማለት አማራት።

ጓደኛዋ ዳቦ እየገመጠች መጣች። «ሬዲዮ» የተባለችው በከንቱ አይደለም፤ ከሷ በፊት ወሬዋ ነው የሚደርሰው።

«ሬዲዮ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አባባን አናግረሻቸዋል?»

«እንዴ! በየቀኑ!»

«ስለ ዛፉ?»

ሬዲዮ ዳቦውን ዋጠች። «በቃ... ሰላም ብያቸዋለሁ።»

«አንቺ!»

«አታካብጂ! ሁለት ጊዜ ሄጄ አጣኋቸው፣ ከዚያ ሰነፍኩ። ደግሞስ ቀለበት ማን ይቆጥራል?»

«እኔ ቆጠርኩ። ሰላሳ አንድ ነው።»

«እና ሃምሳ በያ! የሚመጣው ዓመት በሁለት እንከፈላለን እኮ። ይሄ ውጤት ከተበላሸ እኔ ተፈጥሮ ሳይንስ አልገባም፤ አንቺ በሌላው ውጤትሽ ትገቢያለሽ። ከዚያ በቃ፣ ተለያየን።»

ሜትሮ ጉቶውን አየችው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። የሬዲዮ የወተት ጥርስ የወለቀው እዚህ ዛፍ ሥር ነው፤ ደሙን አይታ ያለቀሰችው ግን ሜትሮ ነበረች። የማባዣ ሰንጠረዥ የሸመደዱት፣ የተኮራረፉት፣ የታረቁትም እዚሁ ነው። ጓደኛዋ ገና ከአጠገቧ ሳትሄድ ናፈቀቻት።

የሷ ሰላሳ አንድ የተጻፈው በእርሳስ ነው። ላጲሱም እጇ ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ደወሉ ሲደወል ሥራው መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ካልተገኘ አሥር ማርክ ይቀነሳል፤ የቀረው ሩብ ሰዓት ነው።

ላጲሱን ኪሷ ከተተችው። «ተነሽ፣ አባባ ጋ እንሂድ።»

«አሁን? አንደርስማ!»

«ተነሽ አልኩሽ።»

ዘበኛውን በሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍላቸው ጫማ ሲወለውሉ አገኟቸው።

«አባባ፣ ያንን ዛፍ እርስዎ ነዎት የተከሉት?» አለች ሬዲዮ።

«እኔ?» ሳቁ። «ማንም አልተከለውም፤ ራሱ ነው የበቀለ። እንዲያውም አጥሩን ያፈርሳል ተብሎ እንድነቅለው ታዝዤ ነበር። ነገ፣ ነገ ስል አንዲት ልጅ መጥታ ሥሩ ተቀመጠች። ጥላው መዳፍ አያክልም እኮ! በማግስቱ ጓደኛዋን ይዛ መጣች። እንዴት ብዬ ልንቀለው?»

«ስንት ዓመት ሆነው?» አለች ሜትሮ።

«የታናሿ ልጄ እኩያ ነው። ሰላሳ አንድ።»

ሬዲዮ ያንን የሚያምር ገጿን ቀደደችው። ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ገለጠችና እስክሪብቶዋን አወጣች።

ደወሉ ተደወለ። ልጆች እየተጋፉ ወደ ክፍል ሮጡ። ሬዲዮ ቀና ብላ ጓደኛዋን አየቻት፤ አሥሩ ማርክ እየሄደ ነው። ሜትሮ ደፉ ላይ ተቀመጠችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

«እሺ አባባ፣ ከዚያስ?» አለች።