ስታርተሩ በእጄ ነበር

እኔ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም ብዬ ብጀምር «ሁሉም ሲጀምር እንደዚያ ነው የሚለው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ ስለዚህ እንዴት አድርጌ እንደማላምን ላስረዳችሁ፣ ማስረዳት ሥራዬ ነውና። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ጂን ታየ ሲሉኝ በስንት ሰዓት፣ በየት በኩል፣ መብራት ነበር ወይ ብዬ የምጠይቅ፣ ቤቴ ውስጥ ማንኪያ እንኳ በመጠን በመጠኑ የምደረድር ሰው ነኝ። ያደግኩት አዋሽ ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው፣ አባቴ በፋኖስ ባቡር የሚያቆምና የሚያሳልፍ ሠራተኛ ነበር፣ ስለዚህ እኛ ቤት ብርሃን ማለት ትእዛዝ እንጂ ምሥጢር አልነበረም፣ ቀይ ከሆነ ቁም፣ አረንጓዴ ከሆነ እለፍ፣ አለቀ። አባቴ ደግሞ ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነበረችው፤ ምልክት መጀመሪያ ይታዘዙታል፣ ለምን ተብሎ የሚጠየቀው በኋላ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ እኔ በሚያስፈልገኝ ሰዓት አልያዝኳትም።

አሁን የማስተምረው አፋር ውስጥ፣ ሎጊያ ነው። ቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ፣ ላቤ ሸሚዜ ላይ ደርቆ ነጭ ጨው ካወጣ በኋላ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ደግሞ የማታ ተማሪዎች አሉኝ፣ ሹፌሮች፣ ጋራዥ የሚሠሩ፣ ምግብ ቤት የሚሠሩ ሴቶች፣ ሁላችንም ደክሞን ነው የምንገናኘው፣ እኔ ሳስረዳ እነሱ ያዛጋሉ፣ ወደ ሰሌዳው ስዞር እኔም አዛጋለሁ። ክፍሉ አራት ረጃጅም የፍሎረሰንት መብራቶች አሉት፣ ያስቸገረን በበሩ በኩል ያለው የኋለኛው ነው። ከሥሩ የሚቀመጠው ጋሽ ሰይድ ነበር፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና እየነዳ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ፣ መንጃ ፈቃዱን ለማሻሻል የትምህርት ማስረጃ ተጠይቆ በስተርጅና ደብተር የያዘ ሰው። እዚያ ጥግ የሚቀመጠው መንገድ ዳር ያቆመውን መኪናውን በበሩ እያየ ለመማር ነው።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት የጀመረው አንድ ማክሰኞ ነው። ይሄ ቀላል ነገር ነው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየሄዱ መፈተሽ ነው፣ መጀመሪያ ቱቦው፣ ቀጥሎ ሽቦው፣ ቀጥሎ ስታርተሩ። ስታርተር ማለት በመብራቱ ጎን የምትገባ፣ የክር መጠቅለያ የምታክል ነጭ ነገር ናት፣ ሥራዋ መብራቱን መቀስቀስ ብቻ ነው፣ አንዴ ከበራ በኋላ ብትነቅሏት እንኳ መብራቱ አይጠፋም፣ ግን ስታርተር የሌለው መብራት አንዴ ከጠፋ ተመልሶ አይበራም። እመኑኝ፣ ይቺን ሳትረዱ የቀረውን ብነግራችሁ ዋጋ የለውም።

ማክሰኞ ቱቦውን ከጎረቤቱ ጋር ቀያየርኩት። የተወሰደው እዚያ ሄዶ በሰላም በራ፣ ጤነኛው እዚህ መጥቶ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ረቡዕ ከትምህርት በፊት ዋናውን አጥፍቼ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩ፣ ወንበሩን የያዘልኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አቶ ሑመድ ነበሩ፣ ረጋ ያሉ የአፋር ሽማግሌ ናቸው፣ ከሥር ሆነው ምን አገኘህ ምን አየህ እያሉ ሲጠይቁኝ ምንም አላገኘሁም አልኳቸው፣ እሳቸውም «ምንም ማለት ዜና አይደለም መምህር፣ ያየኸውን ንገረኝ» አሉኝ። ደክሞኝ ስለነበር ከወንበሩ ወርጄ መሣሪያዬን ሰበሰብኩ። ረቡዕ ማታ ግን መብራቱ አንዴም ሳይርገበገብ አመሸ፣ እኔም ሽቦው ነበር ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ያን ዕለት ጋሽ ሰይድ ወደ ሚሌ ጭነት ይዞ ሄዶ አልመጣም ነበር፣ ይሄን ግን አልጻፍኩም፣ ምን አገናኘው ብዬ።

ሐሙስ መጣ። ከትምህርት በኋላ በዚያው ወደ ጅቡቲ እንደሚወርድ፣ የቀኑን ሙቀት ሸሽቶ ማታ መንዳት እንደሚሻለው ነግሮኝ ቦታው ተቀመጠ። ገና ተቀምጦ ደብተሩን ሳይገልጥ መብራቱ ጀመረ። ፊት ለፊት የምትቀመጠው ሐዋ፣ ምግብ ቤት የምትሠራዋ፣ ዞር ብላ «ጋሽ ሰይድ፣ እባክዎ ከመብራት ኃይል ጋር ይታረቁልን» አለችው፣ ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ጋሽ ሰይድ ግን አልሳቀም፣ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ ላይ ያያል።

«ቲቸር» አለኝ፣ «ይሄ እኮ ዝም ብሎ አይደለም። ቁጠረው።»

ቆጠርኩት። ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም፣ ከዚያ ፋታ። ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም፣ ፋታ። ኋላ ያሉት ሹፌሮች ሳቃቸውን አቆሙ። በጅቡቲ መንገድ ላይ ሹፌር ከሹፌር የሚነጋገረው በመኪና መብራት እንደሆነ አውቅ ነበር፣ ትራፊክ አለ፣ ግመል አለ እየተባባሉ ነው የሚተላለፉት፣ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበርና ጠየቅኩት።

«ቀንስ ማለት ነው። ከፊትህ መንገዱን የዘጋ ነገር አለ ማለት ነው። ወላሂ ሃያ ዓመት አይቼዋለሁ፣ ጣራ ላይ ግን አይቼው አላውቅም።»

አስተማሪ ስትሆኑ ሠላሳ ሰው ሲያያችሁ ዝም ማለት አይቻልም፣ ቢያንስ እኔ አልቻልኩም። ያን ቀን ከጋራዡ አጠገብ ካለው ሱቅ አዲስ ስታርተር ገዝቼ ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ ስለዚህ ወንበር ስቤ ወጣሁና ማስረዳት ጀመርኩ፣ ስታርተር ሲያረጅ በተወሰነ ልክ እየጋለና እየቀዘቀዘ ስለሚሠራ ሥርዓት ያለው ሊመስል ይችላል፣ ተፈጥሮ ሥርዓት ትወዳለች አልኩ፣ ይሄን እያልኩ አሮጌዋን ጠምዝዤ ነቀልኩና በመዳፌ ጨበጥኳት።

መብራቱ ጠፋ። ተመልሶ በራ። ጠፋ፣ በራ፣ ከዚያ ረዘም አድርጎ በራ።

ስታርተሩ በእጄ ነበር። ቦታዋ ባዶ ነበር፣ ቀዳዳውን በዓይኔ እያየሁት ነው፣ ፊቴ ከቱቦው አንድ ክንድ አይርቅም፣ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው የሚመስል ቀጭን ድምፅ ከውስጡ እሰማለሁ፣ መብራቱም እየጠፋና እየበራ ሦስት ጊዜ ደጋገመው፣ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም። ከታች ያሉት ስታርተሩ መነቀሉን አላዩም፣ የሚታያቸው የተጨበጠ እጄ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝ አንድ ቃል ነበር፣ አላውቅም የሚል። እኔ ግን ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ አዲሷን ስታርተር ቶሎ ብዬ ከተትኳት፣ መብራቱም በአንዴ ቀጥ አለ፣ ወተት መስሎ በራ፣ እኔም ከወንበሩ ወርጄ አሮጌዋን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸውና «አያችሁ፣ ስታርተሩ ነው» አልኩ።

አጨበጨቡልኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጣ ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ቆየኝ። ቁልፉን በጣቱ እያዞረ እግሩን ይጎትታል፣ ከፊቱ እንቅልፍ ይነበብ ነበር። «ታዲያ ልሂድ ወይስ ልደር? አንተ የተማርክ ነህ» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለው፣ ግን እየጠየቀኝ ነበር፣ ደህና አድርጌ አውቃለሁ። ስታርተሯ ኪሴ ውስጥ ትሞቀኛለች። «ይሂዱ ጋሼ፣ የተበላሸ ዕቃ ነው» አልኩት።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አልተርክላችሁም፣ ለጋሽ ሰይድ ስደውል ስልኩ አይገኝም፣ ከሎጊያ ወጥቶ ሲርቅ ኔትወርክ እንደሚቆራረጥ አውቃለሁ፣ ማወቄ ግን አላስተኛኝም። ጠዋት በር ላይ አቶ ሑመድን ሳያቸው ዜና እንዳላቸው ከአቀማመጣቸው ገባኝ። አፋር ሲገናኝ ዳጉ አለው፣ ያየውንና የሰማውን ለሌላው ሳይነግር አያልፍም፣ መዋሸት ነውር ነው፣ ማሳጠርም እንደዚያው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ የማን ፍየሎች እንደወለዱ፣ የማን ግመል እንደጠፋች ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ወደ መንገዱ መጡ። ከሰርዶ ወዲያ ባለ ኩርባ ላይ ከመግሪብ፣ ፀሐይ ከጠለቀች ጀምሮ ተሳቢ ተገልብጦ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ ነበር፣ እስኪነጋ ከዚያ ወገን ወደዚህ ያለፈ አንድም መኪና የለም።

«ጋሽ ሰይድስ?» አልኳቸው።

«የሱን አልሰማሁም። ያልሰማሁትን አልነግርህም።»

ቅዳሜ ማታ ጋሽ ሰይድ ክፍል ገብቶ ቦታው ተቀመጠ። ስም ስጠራ ድምፄ መሰበሩን ሐዋ አስተውላለች፣ ምን ሆንክ ብላኛለች። ሲያልቅ ጠራሁት፣ እሱም ነገረኝ። ከሰርዶ ወዲያ እንቅልፍ ሲጥለው፣ ዓይኑ ሊከደን ሲል፣ ከፊቱ የሚመጣ መኪና ከሩቅ መብራት አሳየው፣ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም። የክፍሉ ነገር ትዝ ሲለው ደንግጦ ነቃ፣ ፍጥነቱን እንደ እግረኛ እስኪሆን ድረስ ቀነሰ፣ ኩርባውን ሲዞር የተገለበጠው ተሳቢ ያለ ምንም መብራት ጨለማ ውስጥ ተጋድሟል፣ ዘንግ በማትሞላ ርቀት ቆመ።

«ላመሰግነው መስኮት ከፍቼ ነበር የምጠብቀው» አለኝ። «ምንም አላለፈኝም ቲቸር። ከፊቴም ከኋላዬም።»

መንገዱ ዝግ ነበር፣ አቶ ሑመድ አይዋሹም። ጋሽ ሰይድም መብራት አይቷል፣ እሱም አይዋሽም። እኔ ነኝ ከሦስታችን የዋሸሁት። ቀና ብሎ መብራቱን አየና «እውነት ስታርተሩ ነበር?» ሲለኝ፣ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኩት፣ መጨረሻ ላይም አላውቅም አልኩት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ያን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። አልተቆጣኝም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ፣ እሱ ሳይቆጣኝ ሲቀር ነው ይበልጥ የከበደኝ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግን ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ ብያችኋለሁ፣ አሮጌዋን ስታርተር አልጣልኳትም፣ መበላሸቷን ለማረጋገጥ ቤቴ ወስጄ በራሴ መብራት ላይ ከተትኳት። እስካለፈው ረቡዕ ድረስ አንዴም ሳታስቸግር ሠራች። ረቡዕ ማታ አባቴን ለማየት በማግስቱ ወደ አዋሽ ልሄድ ሻንጣ ሳዘጋጅ፣ ሸሚዞቼን አጥፌ ስደራርብ፣ መብራቱ ጀመረ። መቁጠር እንኳ አላስፈለገኝም።

አልሄድኩም። ለአባቴ ደውዬ እንደማልመጣ ስነግረው ለምን አለኝ፣ ሰበብ ሳስብ ደከመኝና እውነቱን ነገርኩት፣ ቤቴ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ነው አልኩት፣ ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ስንቴ ነው የሚለው?» አለኝ።

ነገርኩት። ከዚያ «ባለህበት ሁን፣ ልጄ» አለና ምንም ሳያስረዳኝ ስልኩን ዘጋው።

ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ ሻንጣው በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው፣ የምጽፍላችሁም አሁንም ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም ከሚለው ከዚሁ መብራት ሥር ሆኜ ነው። አዲስ ስታርተር ጠረጴዛዬ ላይ አለች፣ መቀየሩ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አልቀይራትም።