የኢግናሲዮ የመጨረሻ ታማሌ

ኢግናሲዮ የሞተው ሜክሲኮዎች ሙታናቸውን በምግብና በአበባ በሚቀበሉበት በዓል፣ ሮተርዳም ሻርሎይስ ሰፈር በሚገኘው ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ በእናቱ ፎቶ ፊት ሻማ ሲያበራ ነው። ጉሮሮው ተዘጋ፤ አምቡላንስ አልደረሰለትም። ሐኪሙ የሰሊጥ አለርጂ ነው አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ሮሳውራ ሰብሪያን አስጠራቻት። ሰብሪያ ዛሬ ሮተርዳም ውስጥ አረጋውያን ትንከባከብ እንጂ ደሴ ሳለች አስራ አንድ ዓመት የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ዓይኗ ደግሞ ጡረታ አልወጣም። ሟቹ የስምንት ዓመት ወዳጇ ነው። በበዓሉ ዕለት ሥራ ይዟት ቀርታ ነበር፤ የሚቆጫትም ይኸው ነው።

«ኢማድ ነው የገደለው» አለች ሮሳውራ በሆላንድ ቋንቋ። «ሰሊጥ እንደሚጎዳው የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። ነገ ሬሳ ሳጥኑን እንዳይነካ።»

ኢግናሲዮ እንደ ልጁ ያየው የነበረው ዋናው ወጥ ቤት ኢማድ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ሌላው ሰው ለምን አያውቅም?» አለች ሰብሪያ።

«ያፍር ነበራ» አለች ሮሳውራ። « ትልቁ ወጣችን ሞሌ ሰሊጥ አለበት። ሞሌ መቅመስ የማይችል የሜክሲኮ ባለሙያ ምን ይባላል? ለሰው ‹አይስማማኝም› ብቻ ይላል።»

«ሞሌውን ማን ሠራው?»

«እኔ» አለ ኢማድ። «በተለየ ድስት፣ በተለየ ጭልፋ። እትዬ ሰብሪያ፣ አባቴን እንዴት እገድላለሁ?»

«ታዲያ ምን በላ?»

«ታማሌ ብቻ» አለች ሮሳውራ። «በአሳማ ስብ የታሸ የበቆሎ ሊጥ፣ መሐሉ ዶሮ በበርበሬ። ዕድሜውን ሙሉ በልቶታል።»

ሰብሪያ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። አንድ ክዳን ያለው ሰሃን ላይ በኢግናሲዮ እጅ ስሟ ተጽፏል። ውስጡ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለሉ ሦስት ታማሌዎች አሉ። አንዱን ፈትታ ቅጠሉን በጣቷ ዳበሰችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

ታማሌውን የጠቀለለችውን ጀናትንም አስጠራች። ጀናት ለበዓሉ ከተቀጠረች ሳምንት ያልሞላት የወሎ ልጅ ናት። ከሮሳውራና ከኢማድ ጋር አንድ ላይ አስቀመጠቻት።

«ኢግናሲዮ አሳማ እንደማልበላ ያውቃል» አለች ሰብሪያ። «ስለዚህ ታማሌ አቅርቦልኝ አያውቅም። ዘንድሮ ግን አስቀመጠልኝ። እንግዲያው ስቡ የለበትም ማለት ነው። ደግሞ የአሳማ ስብ ሲቀዘቅዝ ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ ይሄ ቅጠሉ ላይ ያለው ግን ገና ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ይፈሳል። ጀናትዬ፣ በምን አሸሽው?»

«በሰሊጥ ዘይት። ከሐበሻ ሱቅ ገዝቼ» አለች ጀናት። «ምነው?»

«የገደለው ሰሊጥ ነው» አላት ኢማድ። ቀስ እያለ ገባት።

«እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ» አለች። «‹ወዳጄ በየዓመቱ ሻይ ብቻ ጠጥታ ትሄዳለች፤ ዘንድሮ ያለ ስብ ሥሪላት› አሉኝ። ዘይቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ከዚያው በሉ። በርበሬው ሽታውን ሸፍኖባቸው ነው። ማንም አልነገረኝም፣ እትዬ።»

«ጥፋትሽ አይደለም» አለች ሰብሪያ።

ሮሳውራ ተነስታ የኢማድን እጅ ያዘች። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ነገ ከፊት የምትሸከመው አንተ ነህ።»

ከዚያ ወደ ሰብሪያ ዞረች። «ትናንት ቀኑን ሙሉ ‹ሰብሪያ ነገ ስትቀምሰው ምን ትል ይሆን?› ሲል ዋለ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።»

በስንት ሬሳ ፊት ቆማ እንባ ያልወጣት ሰብሪያ ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብላ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለች አለቀሰች።