ምን ሸተተሽ?

«ምን ሸተተሽ?» አለች እናት።

የተጠየቀችው ጢያራ ነበረች። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገብታ፣ ቦርሳዋን ከፎቶኮፒ ማሽኑ ሥር ወርውራ፣ ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ «አይቼው መጣሁ! የጀልባው ቦታ አሪፍ ነው፣ ምንም ችግር የለበትም» ማለቷ ነው። ጢያራ ያሏት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስታወራም ስትራመድም እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም።

«ምን ሸተተኝ?» ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች። «ዓሣ ነዋ! ሐይቅ ዳር ሌላ ምን ይሸታል እትዬ?»

እናት በጄሶ የታሰረ እግሯን በወረቀት ካርቶኑ ላይ አመቻቸች። ጢያራን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ወደ ልጇ ዞረች።

«እሺ። ጻፊው ቶነር።»

ቶነር ማርከሩን አነሳች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጣቶቿ ከማሽን ቀለም ጠርተው ስለማያውቁ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራት በዚህ ስም ነው። በሰማያዊ ካርድ ላይ ፊደሎቿን እየለቀመች ጻፈች፦ «እሑድ ጠዋት፣ የቤተሰብ የጀልባ ቀን። በሐይቁ ዋና ማረፊያ።» ከዚያ ወጥታ ከበሩ አጠገብ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ በመርፌ ሰካችው።

ያ ሰሌዳ ለሰፈሩ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከላዩ «ወዴት እንሂድ?» ይላል። ክረምት ከበጋ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ነፋሱ ሲበረታ ሜዳው ላይ የወረቀት ካይት የሚበርበት ቀን ይለጠፋል፤ ዝናቡ ሲጠና የቤተ መጻሕፍቱ የአሻንጉሊት ትርኢት፤ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ኮከብ የማየት ምሽት። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሕፃናትን መኪናቸው ላይ የሚያወጡበትን ቀን ሰፈሩ ያወቀው ከዚህ ሰሌዳ ነው። ችግኝ ተከላ ሲኖርም አካፋ ይዞ የሚመጣው ሰው «የት ሰማህ?» ቢባል መልሱ አንድ ነው፦ «ፎቶኮፒ ቤት።»

እናት እነዚህን ሁሉ ለማግኘት ብዙ አትለፋም። የሰፈሩ ሰው አንድ ዝግጅት ሲያስብ መጀመሪያ ማስታወቂያውን ሊያባዛ የሚመጣው እሷ ጋ ነው። አንዱን ቅጂ ለራሷ ታስቀራለች። ልፋቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሄዳ ሳታይ አንድም ነገር ሰሌዳው ላይ አትሰቅልም። አካሄዷ ደግሞ ጉድ ነው። የቶነር የሕፃንነት ጋሪ እስካሁን አልተጣለም። የሕፃን ክብደት እንዲኖረው የወረቀት እሽጎች ትጭንበትና ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀምራ እስከ ቦታው ድረስ ትገፋዋለች። ከደረሰች በኋላ ቁጢጥ ትላለች፤ በልጅ ቁመት ምን እንደሚታይ ለማወቅ ነው። መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ የደከመች አያት የት እንደምታርፍ፣ ፀሐይዋ ስትዞር ጥላው ወዴት እንደሚሄድ ታያለች።

ቶነር ትንሽ ሳለች ታፍር ነበር። ወረቀት በሕፃን ጋሪ ጭና የምትዞር እናት ያላት እሷ ብቻ ናት! አሁን ግን ሰው ካርዶቹን ቆሞ ሲያነብ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ታያለች። እናቶች «አግዳሚ ወንበር አለው ተብሏል» እየተባባሉ ትከሻቸው ሲላላ፣ እንግዳ ቦታ ለመሄድ ድፍረት ሲያገኙ ታያለች። ማንም «እውነት ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

እናት እግሯን የሰበረችውም በዚሁ ሥራ ነው። ለጉብኝት የታሰበውን የምንጩን መንገድ ልታይ ሄዳ አዳለጣት። ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆና መጀመሪያ ያለችው፦ «እንኳን እኔ ሆንኩ የወደቅሁት። ቶነር፣ የምንጩን ካርድ እንዳትሰቅዪው።»

እናም ማየቱ ለሁለቱ ልጆች ተላለፈ። ቶነር ቤተ መጻሕፍቱን፣ ጢያራ ሐይቁን ተከፋፈሉ። ሲመለሱ የምትጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቆንጆ ነው፣ ሰፊ ነው ማለት እቤቱ የተቀመጠም ይችላል» ትላለች እናት። «ሽታ ግን ለሄደ ሰው ብቻ ነው።»

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ እናት ሐኪም ቤት ለቀጠሮ ሄዳ ሁለቱ ሱቁን ይዘው ሳለ፣ ከውጭ የብስክሌት ጡሩምባ አምባረቀ።

«ዞር በሉ! ዞር በሉ! ሹፌር መጣች!»

ጎሚስታው የሴት ልጁን ዊልቸር እየገፋ ገባ። ጎማ ጠጋኝ አባት ያላት ልጅ ጎማዋ አይጎድልም፤ ዊልቸሯ ከሰፈሩ መኪኖች ሁሉ የተሻለ ይዞታ ላይ ነው። ጡሩምባውን የገጠመላትም እሱ ነው። ልጅቷ እግሯ ባይታዘዛትም አፏ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል።

«ቶነር፣ የጀልባውን ካርድ አየነው» አለ ጎሚስታው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «አምና ሌላ ቦታ ሰምተን ሄደን ደረጃ ገጥሞን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ነው የመጣችው።»

«አላለቀስኩም! ንፋስ ነው ዓይኔን ያስለቀሰው» አለች ሹፌሯ።

«እሺ፣ ንፋስ ነው። እና ዊልቸሩ እስከ ጀልባው ይደርሳል ወይ?»

ቶነር ወደ ጢያራ ዞረች። «ደረጃ አለው እንዴ?»

«የለውም ጋሼ። ሜዳ ነው፣ ለጥ ያለ» አለች ጢያራ።

«ጀልባው ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ስትል ጠየቀች ሹፌሯ።

ጢያራ የጆሮ ጌጧን ያዘች። «ሰማያዊ… ነጭም አለበት።»

ጡሩምባው ሦስቴ ጮኸ። «እሑድ እነዳዋለሁ!»

አባትና ልጅ እንደወጡ ቶነር ጓደኛዋን አየቻት። «እንደዚያ ለጥ ያለ ነው?»

«ኧረ ባክሽ ሙድ አትያዢብኝ። አልኩሽ እኮ!» ጢያራ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሌላ ቀን ቢሆን ከበሩ ላይ ተመልሳ አንድ ቀልድ ትጨምር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቶነር ጋሪውን ከጓዳ አወጣች። ወረቀቱን ጫነችና «አየር ልቀበል» ብላ ወጣች። እናት ጋሪውንም ልጇንም አየች።

ከአውቶቡሱ ወርዳ ወደ ሐይቁ ስትታጠፍ ሽታው አፍንጫዋን መታው። ዓሣ አልነበረም። ቀለም ነው። ዓይን የሚያስነባ፣ ጉሮሮ የሚከረክር የዘይት ቀለም። የማረፊያው የብረት አጥር ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ወደ ጀልባው የሚያሻግረው ተዳፋት ሳንቃ ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል። የቀረው የድንጋይ ደረጃ ብቻ ነው፤ ቁልቁል፣ ጠባብ፣ መያዣው ገና ያልደረቀ።

ሽማግሌው ጀልባ ቀዛፊ ገመድ እየጠቀለሉ ነበር።

«አባባ፣ ቀለሙ መቼ ነው የተጀመረው?»

«ሳምንቱን ሙሉ ስንቀባ ነው የከረምነው ልጄ። ሳንቃው የሚመለሰው ከእሑድ በኋላ ነው። ጀልባዎቹ ግን ዝግጁ ናቸው።»

«ሐሙስ አንዲት ልጅ መጥታ ጠይቃዎት ነበር? ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ።»

«እኔን ያናገረኝ ቀለም ቀቢው ብቻ ነው፤ እሱም ጸጥታ አይወድም» ብለው ሳቁ።

ቶነር አልሳቀችም። ዞር ብላ ጀልባዎቹን አየቻቸው። ቢጫ ነበሩ።

እስከ ጢያራ ቤት ድረስ የምትናገረውን በልቧ አዘጋጀች። ውሸታም። ፋራ። ከእንግዲህ ሰሌዳው አጠገብ እንዳትደርሺ። ግቢው ሲከፈት ግን ጢያራ ሕፃን ወንድሟን ጀርባዋ ላይ አዝላ ልብስ ታሰጣ ነበር። ጋሪውን ስታይ ወዲያው ገባት። እጇ ላይ ያለው ልብስ ወደ ሳፋው ተመለሰ።

«ሄድሽ?»

«ቀለም ቀለም ይሸታል» አለች ቶነር። «ሳንቃው ተነቅሏል። ያለው ደረጃ ነው። ሹፌሯ ነገ እዚያ ድረስ ሄዳ…»

ጢያራ ሕፃኑን ታወዛውዘው ጀመር፤ ሕፃኑ ግን ተኝቶ ነበር።

«ሐሙስ የእናቴ ፈረቃ ተቀየረ። ይሄን ትቼ የት እሄዳለሁ? ልነግራችሁ ነበር። ግን እናትሽ ባለፈው ‹አሁን አንቺም ዓይኔ ነሽ› አለችኝ። ታውቂያለሽ፣ እኔን አምኖ ነገር የሚሰጠኝ ሰው የለም። ትጥለዋለች፣ ትረሳዋለች ነው የሚሉት። እና… በመጀመሪያው ቀን አልቻልኩም ማለት ሼም ሆነብኝ።»

ቶነር መንገድ ሙሉ ያዘጋጀችውን ስድብ ተወችው። ብቻዋን ተመልሳ ካርዱን ልታወርደው ትችላለች፤ ማንም አያውቅም። ለእናቷም ሁሉንም ልትነግራት ትችላለች። ይልቁንም የወረቀቱን እሽጎች ከጋሪው አንስታ ደጃፉ ላይ ደረደረቻቸው።

«ወንድምሽን እዚህ ውስጥ አስተኚው» አለች። «ጫማሽን አድርጊና ነይ።»

«የት?»

«ሐሙስ መሄድ ወደነበረብሽ ቦታ።»

ሐይቁ ዳር ጢያራ ደረጃውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እንደ ቶነር እናት ቁጢጥ አለች። ዝቅ ብላ ስታይ ከአጥሩ ሥር ማዶ ያለው ዳርቻ ታያት።

«አባባ፣ ያኛው ምንድን ነው?»

«ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ የሚጎትቱበት ነው። አሸዋ ነው፣ ለጥ ያለ። ሽታውን ከቻላችሁት።»

ሽታው የሚቻል አልነበረም፤ ሁለቱም በክንዳቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ሳቁ። ጢያራ ጋሪውን ወደ ውኃው ገፋችው። በመጀመሪያ ጥሩ ሄደ፣ ከመሐል ላይ ግን ጎማው ሰጠመና ሕፃኑ ነቅቶ ጮኸ። ቶነር ተስፋ ቆረጠች። ጢያራ ግን ወደ ማረፊያው ትሮጥ ነበር።

«አባባ! የተነቀለው ሳንቃ! ለነገ ጠዋት ብቻ እዚህ አሸዋው ላይ ብናነጥፈውስ? ጀልባዋን በዚህ በኩል ቢያመጧትስ?»

ሽማግሌው ጋሪውን አዩ፣ አሸዋውን አዩ፣ ጢያራን አዩ። «አንቺ ልጅ ትንፋሽ አትወስጂም?» አሉ። ከዚያ ሳንቃውን በአንድ ጫፍ አነሱ። «በዚያ በኩል ያዢ።»

ሽማግሌው አንዷን ጀልባ ቀዝፈው አመጧት፤ ሳንቃው ላይ ጋሪው እስከ ጀልባዋ አፍ ድረስ ሄደ። ጢያራ አላመነችም፤ መልሳ ወሰደችው። ከዚያ አንዱ ጫፉ ይነቃነቃል ብላ ድንጋይ ከሥሩ አስገባችና እንደገና ገፋችው። ቶነር ቆማ አየቻት። ከውኃው ነጸብራቅ የተነሳ ዓይኗን አጥብባ ስታያት፣ ቁጢጥ ያለችው ጢያራ ለአፍታ እናቷን መሰለቻት።

ሱቁ ሲደርሱ እናት ከካርቶኑ ላይ እግሯን ሳታወርድ ጠበቀቻቸው። ጋሪው ውስጥ በወረቀት ፋንታ ሕፃን ተኝቷል። ጎማዎቹ አሸዋ ለብሰዋል።

«ምን ሸተተሽ?» አለች እናት። ቶነርን አልነበረም የጠየቀችው።

«ዓሣ» ቢባል አሁን ውሸት አይደለም። የሁለቱም ልብስ ዓሣ ዓሣ ይላል። ቶነር ያቺን አንዲት ቃል ለጓደኛዋ ቀድማ ልትልላት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ማርከሩን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጠበቀች።

ጢያራ የጆሮ ጌጧን ያዘች። ከዚያ እጇን አወረደች።

«ቀለም፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «በዋናው ማረፊያ ቀለም ነው የሚሸተው። ሐሙስ አልሸተተኝም። ሐሙስ አልሄድኩም ነበር።»

እናት ጄሶዋን በሁለት እጇ አንስታ ከካርቶኑ ላይ አወረደች። ካርቶኑን በደህናው እግሯ ወደ ጢያራ ገፋችው።

«ቁጭ በዪ» አለች። «በየት በኩል ነው የሚገባው?»

ጢያራ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። ማርከሩን አነሳች። ቶነር አዲስ ሰማያዊ ካርድ አቀበለቻትና አዲሱን መንገድ ለጎሚስታው ለመንገር ቤቱ ሳይዘጋ ወጣች። በሰሌዳው ጎን ስታልፍ ቆም አለች። በራሷ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈውን አሮጌ ካርድ ነቀለች፤ መርፌውን ግን ለሚመጣው ካርድ እዚያው ተወችው።