ከውጭ የተቆለፈው በር

የሒክማ ሬሳ የተገኘው በሳቲን በሚባል የዓረብ አገር የስደተኞች ሰፈር፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ ነው። ከፍራሹ ሥር ሦስት ካርቶን ሐቡብ ወጣ፤ ጎረምሳውን ሁሉ የሚያናውዘው የተከለከለ ኪኒን።

“ነጋዴ ናት። የራሷን ዕቃ ውጣ ሞተች። መዝገቡን ዝጋው” አለ አለቃው።

መርማሪ ናሲር አልዘጋውም። ሒክማ በሰው ቤት ስትሠራ ከሰገነት ወድቃ ከወገብ በታች ሽባ ሆናለች። የበሯ ጓጉንቸር ግን የተቆለፈው ከውጭ ነበር። ጎረቤቷ ኸዲጃ ጠዋት የገባችው ማንጠልጠያውን በድንጋይ ገንጥላ ነው።

“ቁልፉ ማን ጋ ነው፣ እትዬ ኸዲጃ?”

“ወላሂ አላውቅም።” ኢቃማ የላትም። መኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ፖሊስ ፊት አፉን አይከፍትም። “ዋኤል ይመላለስ ነበር። ሞተር የሚነዳው።”

ዋኤልን ወዲያው ያዙት።

“ከፍራሿ አጠገብ ባለው መስኮት ብረት ኪኒኑን አሾልካ ታቀብለኛለች፤ አደርሳለሁ። የሚያዘኝን በስልክ እንጂ በዓይን አላውቀውም። ቁልፍ የለኝም!”

ቢፈተሽ ቁልፍ አልተገኘበትም፤ እውነቱን ነበር። ናሲር ወደ ኸዲጃ ተመለሰና በወሎዬ እናቱ አማርኛ ቀስ ብሎ ጠየቃት፤

“መድኃኒት ማን ያመጣላት ነበር?”

ኸዲጃ እንባዋ መጣ። “ፋይሰል። ባለ ፋርማሲው። በነጻ ነው የሚያክማት፤ ሰፈሩ ሁሉ ይመርቀዋል።”

ፋይሰል ነጭ ጋውኑን ለብሶ ተቀበለው። “አላህ ይርሐማ፤ ነፍሷን ይማር! ከረመዳን ወዲህ ቤቷን አልረገጥኩም።”

ናሲር ጓጉንቸሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። እዚያው የተጋደመውን የቁልፍ ዘለላ አነሳ። ሦስተኛው ቁልፍ ከፈተው።

ፋይሰል እንደ ደከመው ሰው ተነፈሰ። “የሽባ ፍራሽ ማን ይፈትሻል? ‘ለሕመምሽ ነው’ ብዬ አስለመድኳት። ያለዚያ እንቅልፍ የላትም፤ ዕቃዬን አላስቀምጥም ልትል አትችልም። ሰሞኑን ‘ለፖሊስ እናገራለሁ’ አለች። መጠኑን አበዛሁላትና ቆለፍኩ።”

“አልጮኸችም?”

“ጮኻለች መሰለኝ። ደንበኛ ይጠብቀኝ ነበር።”

ናሲር ካቴናውን አወጣ። ሲያስገባለት የሰውየው እጅ ለስላሳና ንጹሕ ነበር።

ጣቢያ ሲደርሱ ፋይሰል የተናገረውን ሁሉ ካደ። አለቃው ራሱን ነቀነቀ። “ቁልፍ ብቻውን አይበቃም። ምስክር አምጣ።”

ከሰዓት በኋላ ኸዲጃ ራሷ መጣች። ሻርፗን አጥብቃ ይዛ ቆመች።

“ብፈርም ከአገር ያባርሩኛል?”

“አላውቅም፣ እትዬ። ልዋሽዎት አልፈልግም።”

ኸዲጃ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

“ፋይሰል ቆልፎባት ሲወጣ አይቼዋለሁ” አለች። “‘ኸዲጃ፣ ድረሽልኝ!’ ስትለኝም ሰምቻታለሁ። ፈርቼ ዝም አልኳት።”

አውራ ጣቷን ለፊርማው ወደ ቀረበው ቀለም ዘረጋች።