ከጵርስቅላ ድምፅ ኋላ

ማመን የማይፈልግ አይመን... ይህ ነገር ግን ሆኗል።

ሰው በሌለበት ጫካ አይደለም። በጨለማም አይደለም።

አዲሎ ውስጥ፣ ዋናው አስፋልት ዳር፣ በገበያ ቀን ነው የሆነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ... የጭነት መኪና ጥሩምባ ጆሮ ሲበሳ፣ ሰው ከሰው ሲጋፋ።

የደረሰባት ልጅ ጵርስቅላ ትባላለች። የሆሳዕና ልጅ ናት። ከራሷ አፍ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ጵርስቅላ ሆሳዕና ውስጥ ሕፃናት ታስተምር ነበር። እሁድ እሁድ ደግሞ ኳየር ውስጥ ትዘምራለች። እናቷ ወይዘሮ ርብቃ "የልጄ ድምፅ የጌታ ነው" እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ይመሰክራሉ።

እናትየው የማያውቁት አንድ ነገር ነበር።

ጵርስቅላ በድብቅ ትራፕ ትሠራለች፤ ያን ምቱ ከባድ የሆነ የራፕ ዘፈን።

ቢቱን፣ ማለትም የዘፈኑን ምት፣ የሚሠራላት ፉአድ ነው። የአዲሎ ነጋዴ ልጅ ሲሆን ኮሌጅ አብረው ተምረዋል። አባቱ ድሮ እህል የሚያከማቹበት አሮጌ ኮንቴነር ከሱቆቹ ጀርባ ነበራቸው። ፉአድ ግድግዳውን በስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን ሸፍኖ ስቱዲዮ አደረገው። መሀሉን በወፍራም መጋረጃ ከፈለው። ከመጋረጃው ወዲህ እሱና ላፕቶፑ... ከመጋረጃው ወዲያ እሷና ማይኩ።

"አስፋልት ዳር" የሚለውን ዘፈን የቀረጹት እዚያ ነው። ሙዚቃ የሚሰማባቸው አፖች ላይ ለቀቁት። ሽፋኑ ላይ ፊቷ የለም፤ ጥላዋ ብቻ ነው። ስሟንም "ጵሪ" ብላ አሳጠረችው፤ እናቷ እንዳያውቁባት።

መጀመሪያ ጓደኞቻቸው ብቻ ሰሙት።

ከዚያ ዱራሜ፣ ባጃጅ ውስጥ ተሰማ። ዳምቦያ ገበያ ላይ ተሰማ። ለሥራ ሙዱላ የሄደች ጓደኛዋ ደውላ "እዚህም አንቺው ነሽ!" አለቻት።

ከዚያ አዲስ አበባ... ከዚያ ስማቸውን እንኳ አንብባ የማታውቃቸው የውጭ ከተሞች።

ፉአድ በደስታ ሊያብድ ደረሰ።

"ጵሪ! አፑ ላይ ከነዚያ ከትልልቆቹ የትራፕ ልጆች ጎን አስገቡን! በየደቂቃው ሰው እየሰማን ነው!"

እሷም ደስ አላት፤ ለምን እዋሻለሁ። ተማሪዎቿን ቀለም እያስቀባች እንኳ ልቧ ስልኳ ላይ ነበር።

ኮሜንቶቹን ማንበብ ስትጀምር ግን አንድ ነገር ግራ ገባት።

ትራፕ የምትሰሙ ታውቁታላችሁ። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ሲጨርስ ከኋላ ጣል የምትደረግ ቃል አለች። አድሊብ ይሏታል። የዘፈኑን የመጨረሻ ቃል ትደግማለች፣ ወይ "እህ" ትላለች...

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያች ነበር።

"ከኋላ ያለችው ማናት? አንደኛ ናት!"

"እኔ የምሰማው ለሷ ብዬ ነው።"

ጵርስቅላ ዘፈኑን ከፍታ በደንብ ሰማችው። እሷ "እግሬ ጭቃ ላይ፣ ልቤ ሩቅ" ስትል... ከኋላዋ አንዲት ቀጭን ሹክሹክታ ትመልሳለች።

"...ሩቅ።"

ያኔውኑ ደወለች።

"ፉአድ፣ አድሊቡን ማንን ነው ያስቀረጽከው?"

"እንዴ! አንቺ አይደለሽም?"

"እኔ አድሊብ አልቀረጽኩም።"

ላፕቶፑን ሲነካካ ተሰማት።

"ፉአድ...?"

"ፋይሉ ውስጥ ነው ያገኘሁት፣ ጵሪ። ሳላይሽ የሠራሽው መስሎኝ..."

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘፈኑን ስትሰማው ሰውነቷ ይቀዘቅዝ ጀመር።

ኮሜንቱም ተለወጠ።

"ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር ትላለች፤ አዲስ ቅጂ ነው የለቀቃችሁት?"

"እኔን በስሜ ጠራችኝ ሃሃሃ!"

"እኔንም..."

የሚስቁት ብዙ ነበሩ። ሰሚውም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

"እናጥፋው" አለችው።

ፉአድ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት። ምሳ በልቼ ስመለስ... ተመልሶ ወጥቷል።"

የዚያን ዕለት እናቷ ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ፊቷ ቆሙ።

"ባጃጅ ውስጥ ድምፅሽን ሰማሁት።"

ጵርስቅላ አንገቷን ደፋች። ትሰድበኛለች ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን አልጮሁም። እጇን ያዙና...

"የዘፈኑን ነገር በኋላ እንነጋገራለን። ከኋላሽ ያለችው ማናት?"

"አላውቅም፣ እማዬ።"

"እኔ አልወደድኳትም፣ ልጄ። ልትገባ በር ላይ እንደቆመ ሰው ናት።"

ጵርስቅላና ፉአድ አንድ መላ መቱ። ዘፈኑን እንደገና ይቀርጹታል፣ ያለዚያች ድምፅ። ከዚያ የድሮውን በአዲሱ ይተኩታል።

ለዚህ ነው በገበያ ቀን አዲሎ የወረደችው። ሰው ይብዛ ብላ፣ በቀን ይሁን ብላ።

ኮንቴነሩ ውስጥ ይሞቃል። ውጭ ሻጭና ገዢ ይጨቃጨቃል። የፍየል ጩኸት ይሰማታል። ይህ ሁሉ ደስ አላት።

"በሩን እንዳትዘጋው" አለችው።

"ድምፅ ይገባብናል እኮ።"

"ይግባ።"

ፉአድ ሳቀ። በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው። እሷ መጋረጃውን አልፋ ሄድፎኑን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ቢቱ ገባ። ዘፈነች። ጨረሰች።

"ድገሚው" አላት የፉአድ ድምፅ በሄድፎኑ።

ደገመችው።

"ድገሚው።"

እንደገና ዘፈነች። ላብ በጀርባዋ ወረደ።

"ድገሚው።"

"ፉአድ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ እኮ!"

"...ድገሚው።"

አሁን ነው ልብ ያለችው። ፉአድ ሁልጊዜ ከመቅረጹ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ይቀልዳል። "እሺ የኔ ኮከብ" ይላል።

ይህኛው አንድ ቃል ብቻ ነው የሚለው። ሁሌም በአንድ ዓይነት ድምፅ...

ሄድፎኑን አውልቃ ወለሉ ላይ ጣለችው።

ፀጥታ።

ፍየል የለም። መኪና የለም። ያ ሁሉ የገበያ ሰው... ጭጭ።

"ፉአድ?"

መጋረጃውን ገለጠችው።

ወንበሩ ባዶ ነው። ላፕቶፑ ተከድኗል። ገርበብ ብሎ የነበረው በር ግጥም ብሏል።

ሮጣ ገፋችው። አልተነቃነቀም። በመዳፏ ደበደበችው። በእግሯ ደበደበችው። ብረቱ ድምፅ ማውጣት ነበረበት... ግን ትራስ እንደመምታት ነበር።

"ፉአድ! ክፈትልኝ!"

የማንም ድምፅ የለም።

ስልኳን አወጣች። ለፉአድ ደወለች፤ አይጠራም። እናቷ ጋ ሞከረች፤ አይጠራም። መልእክት ጻፈች፤ አይሄድም።

አንድ ነገር ብቻ ሠራ። የሙዚቃው አፕ።

ገጿ ላይ አዲስ ዘፈን ወጥቷል። "አሁን የተለቀቀ" ይላል። ርዕሱ "ክፈትልኝ" ነው።

ነካችው።

ቢቱ ከባድ ነበር፣ ከሥር የሚያጓራ። ከላይ የራሷ ጩኸት አለበት። አሁን የጮኸችው! "ፉአድ! ክፈትልኝ!" ከሥሩም የመዳፏ ድብደባ እንደ ከበሮ ተሰካክቶ ይመታል።

ከኋላ ደግሞ...

"...ልኝ።"

የሰሚው ቁጥር ዓይኗ እያየ ይወጣ ነበር። መቶ፣ ሺህ፣ ከዚያ ወዲያ ማየት ተወች። ኮሜንት እንደ ዝናብ ወረደ።

"በጣም ምርጥ ሥራ!"

"ጩኸቱ እውነት ይመስላል፣ ፀጉሬ ቆመ!"

ጵርስቅላ ጻፈች። "እውነት ነው! አዲሎ፣ ከሱቆቹ ጀርባ፣ ኮንቴነር ውስጥ ተዘግቶብኛል። ለፖሊስ ደውሉ!"

ሄደ! መልእክቱ ሄደላት።

መልስ መጣ።

"ማስታወቂያውን እዩልኝማ፣ ጎበዝ ናት!"

"ክሊፑ መቼ ነው የሚወጣው?"

"እባካችሁ፣ እየቀለድኩ አይደለም" አለች።

"ሃሃሃሃ።"

ለመነቻቸው። የእናቷን ስልክ ቁጥር ጻፈችላቸው። ባለቀሰች ቁጥር ልቅሶዋ ዘፈኑ ውስጥ ገባ። ዘፈኑም አላልቅ አለ... እየረዘመ ሄደ። ዓለም ሁሉ እየሰማት ነው፤ የሚሰማት ሰው ግን የለም።

ከዚያ አንድ ነገር ገባት። ያቺ ሹክሹክታ የምትፈልገው ድምፄን ነው። እንግዲያው አልሰጣትም።

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። በሩ ሥር ተኮራምታ ተቀመጠች። ትንፋሿን እንኳ ዋጠች።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ ወለሉ ላይ ከወደቀው ሄድፎን፣ ያቺ ሹክሹክታ መጣች።

"...ድገሚው።"

ዝም።

"...ድገሚው።"

ዝም።

ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። እሷ አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው ትላለች።

ብረቱ ሲንቋቋ ሰማች። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ፉአድ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። ቁልፉ ከእጁ ወደቀ።

ከጀርባው የጠዋት ፀሐይ ነበር። ገበያው የለም። የተረገጠ ጎመንና የላስቲክ ቁራጭ ብቻ ሜዳው ላይ ቀርቷል።

"አንቺ..." አለ። "አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ምን እሠራለሁ? ዘግተህብኝ ሄደህ!"

"ጵሪ... ትናንት ቀርጸን ጨረስን እኮ። አብረን ወጣን። መኪና ላይ ያሳፈርኩሽ እኔ ነኝ። ኮንቴነሩን አንቺ ፊት ነው የቆለፍኩት።"

"እኔ አልወጣሁም።"

"ማታ ደወልኩልሽ። 'ደረስሽ?' ስልሽ 'ደረስሽ' አልሽኝ። የደከመሽ መስሎኝ..."

ፉአድ የወደቀውን ቁልፍ አነሳ።

"ለምን መጣህ ታዲያ?" አለችው በመጨረሻ።

"አዲሱን ዘፈን ሰማሁት። እኔ አልለቀቅኩትም። የበሩን ብረት ድምፅ ግን አውቀዋለሁ... የእኛ በር ነው።"

የአባቱን መኪና አስነስቶ ወደ ሆሳዕና ነዳ። ዱራሜ ላይ አንድ ባጃጅ "ክፈትልኝ"ን አስጩሆ አልፏቸው ሄደ። ፉአድ መስኮቱን ዘጋ።

ቤት ሲደርሱ እኩለ ቀን ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፉአድ መኪናው አጠገብ ቀረ። እሷ የግቢውን በር ልትመታ እጇን ስታነሳ...

በሩ ቀድሞ ተከፈተ።

እናቷ ናቸው። የትናንቱን ልብስ እንደለበሱ ናቸው። አልተኙም። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩዋት።

"ስምሽን ንገሪኝ" አሉ በሹክሹክታ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ..."

"ስምሽን!"

"ጵርስቅላ። ያንቺ ጵርስቅላ።"

እናትየው እቅፍ አደረጓትና ያለ ድምፅ አለቀሱ። ከዚያ ጆሮዋ ሥር...

"ድምፅሽን ቀንሺ። ክፍልሽ ውስጥ ናት።"

"ማን?"

"ትናንት ማታ መጣች። ቁርጥ አንቺን ናት፣ ምንም አልጎደላትም። 'እንዴት ዋልሽ?' አልኳት። 'ዋልሽ' አለችኝ። 'እራት ላቅርብልሽ?' አልኳት። 'ላቅርብልሽ' አለች... እየሳቀች። ወደ ክፍልሽ ስትገባ ከውጭ ቆለፍኩባት። በሩ ላይ እየጸለይኩ ነው ያደርኩት።"

"ብቻዋን ናት?"

"ብቻዋን ናት የገባችው። ሌሊቱን ሙሉ ግን የሰው ስም ስትጠራ ነበር።"

በእግራቸው ጣት ወደ ውስጥ ገቡ። ኮሪደሩ ይቀዘቅዛል። ቁልፉ በሩ ላይ እንደተሰካ ነው።

ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም።

ጵርስቅላ በጉልበቷ ተንበረከከች። ከበሩ ሥር ጣት የምታስገባ ክፍተት አለች። ጉንጯን ሲሚንቶው ላይ አድርጋ አየች።

መጀመሪያ ሁለት ባዶ እግሮች አየች። በሩ አጠገብ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ።

ከነሱ ኋላ... የተማሪ ጥቁር ጫማ።

ከዚያ ኋላ ነጠላ ጫማ። ጭቃ የነካው ቦቲ። የተወለወለ የወንድ ጫማ። ተረከዙ ረጅም የሴት ጫማ። የሕፃን እግር...

ክፍሉ እስከ ዳር ሞልቷል። አልጋው ሥር ድረስ እግር ነው።

አንዱም አይንቀሳቀስም። የጫማው ጫፍ ሁሉ ወደ በሩ ዞሯል።

"ምን አየሽ?" አሉ እናቷ፣ በሹክሹክታ።

በዚህ ጊዜ እግሮቹ፣ ሁሉም በአንድ ላይ... አንድ እርምጃ ቀረቡ።