አንድ ዓይን ውሃ ውስጥ

«ራስዎን ይንከሩ ብያለሁ። ስንቴ ልናገር?»

አባቷ ከጥልቁ ውሃ መሐል ቀና ብለው አዩዋት። ከጢማቸው ደፍራሽ ውሃ ይንጠባጠባል። «ነክሬ ነበር እኮ» አሉ።

«ነክረው መልሰው አወጡት። እግርዎ ሰመጠ። ከመጀመሪያው ይጀምሩ።»

አቶ ምንዋጋው የፍየል ነጋዴ ናቸው። በሰቆጣ ገበያ ከእሳቸው ጋር ዋጋ ለመከራከር የሚደፍር ሰው ጥቂት ነው። ወንዝ ዳር ግን ልጃቸው ጸሐይነሽ ዓለት ላይ ቆማ ስታዛቸው እንደ ተማሪ ይታዘዛሉ። ያልገባቸው ነገር ቢኖር ዛሬ ድምፅዋ ለምን እንዲህ እንደ ሻከረ ነው። «ምን ነክቷታል ይቺ ልጅ» ብለው አጉረመረሙና ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ደፉ።

ጊዜው ጳጉሜን ስለነበር ወንዝ መውረድ ማንንም አያስገርምም። የከተማው ሰው ሁሉ ለበረከት ማለዳ ወርዶ ይታጠባል። አባትና ልጅ ግን ሰው የሚታጠብበትን አልፈው፣ ወንዙ ታጥፎ ጥልቅ ውሃ የሚያጠራቅምበት ቦታ ነበሩ። ከጥልቁ በታች ውሃው በሁለት ቋጥኞች መሐል ጠብቦ እየጮኸ ይወርዳል።

ጸሐይነሽ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዋና የተማረችው በእናቷ አገር በአበርገሌ፣ ከአጎቷ ከወልደ ሐዋርያት ነበር። ወልደ ሐዋርያት ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለግላል። ለዕረፍት ሲመጣ የአገሩን ሰው ዋና እያየ ይስቅ ነበር። ተከዜ አዞ ስላለበት፣ የተከዜ ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ፣ ግራና ቀኝ እያየ ነው የሚዋኘው። «አንገት ሲቀና እግር ይሰምጣል» ይላት ነበር አጎቷ። «እግር ሲሰምጥ ደረትሽ ውሃውን እንደ ግድግዳ ይገፋል፤ ከዚያ ፍጥነት የለም። ፊትሽን ደፍተሽ እንደ ጣውላ ተዘርጊ።»

አባቷ ግን ዋና የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ፍየል ሊገዙ ወደ ሰሃላ ሲሄዱ ተከዜን የሚሻገሩት በአየር የተነፋ ስልቻ አቅፈው፣ ዋናተኞች እየጎተቷቸው ነው። ወዲያ ማዶ የሚጠብቃቸው ሰው «ምንዋጋው ከነስልቻው መጣ» እያለ ይስቅባቸዋል። መስከረም ሲጠባ፣ ስልቻ የማያሻግረው ሙላት ሳይጎድል ዋኝቶ የሚሻገር ነጋዴ ደግሞ ፍየሉን ከሁሉም ቀድሞ ይመርጣል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ጸሐይነሽን ለብቻዋ ጠሯት። «አስተምሪኝ» አሉ። «ለሰው ግን እንዳትናገሪ። በዚህ ዕድሜው ውሃ ይንቦጫረቃል እንዳልባል።»

መጀመሪያ ላይ እጆቻቸው ደረታቸው ሥር እየተገናኙ ወደ ፊት አልሄድ አሉ። ጸሐይነሽ ለምን እንደሆነ የገባት ብዙ ተመልክታ ነው። ስልቻው የለም እንጂ አቀፋው አለ። እጃቸው ከትከሻቸው ፊት ለፊት ገብቶ ውሃውን እስከ ዳሌያቸው ወደ ኋላ እንዲገፋ አደረገች። እግራቸውን ከጉልበት ይመቱ ነበር፤ ከታፋ እንዲመቱ አደረገች። ትንፋሻቸውን ፊታቸው እስኪቀላ አፍነው ይይዙ ነበር፤ ውሃው ውስጥ ቀስ ብለው እንዲያወጡት አስተማረቻቸው። በጣም ያስቸገራቸው አየር መሳቡ ነው። «ራስዎን አያንሡ። ከትከሻዎ ጋር ወደ ጎን ያዙሩት። አንዱ ዓይንዎ ውሃ ውስጥ ይቅር፤ አፍዎ አየር ያገኛል» ትላቸዋለች። አዞን ሲፈራ ለኖረ ሰው፣ አንድ ዓይንን ውሃ ውስጥ ትቶ መተንፈስ ከባድ ነው። ቢሆንም ለመዱት።

እነዚያን ቀናት ጸሐይነሽ ወዳቸው ነበር። ቤት ውስጥ አባቷ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለዋት አያውቁም። ወንዝ ዳር ግን ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ቀና ብለው ፊቷን ያያሉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ቤት ስትገባ እናቷ አመተ ማርያም አዲስ ነጭ ቀሚስ ሲሰፉ ደረሰች።

«ለማን ነው?» አለች።

«ላንቺ ነዋ።»

«የመስቀል ነው? ዘንድሮ ምን ተገኘ?»

የእናቷ መርፌ ቆመ። ዓይናቸውን ከጨርቁ ላይ ሳያነሡ ተናገሩ። «የሰሃላው ገብረ ሊባኖስ ለልጁ ጠይቆሻል። አባትሽ ከመስቀል በፊት ተሻግረው ቃል ይሰጣሉ። ከመስቀል ካለፈ ሌላ ቤት እንጠይቃለን ብለዋል ሰዎቹ።»

«ስምንተኛስ? ሚኒስትሪ ልፈተን አንድ ዓመት ነው የቀረኝ።»

«እኔን ምን ትይኛለሽ? የዚያ አገር ፍየል ሁሉ በገብረ ሊባኖስ እጅ ነው። ካንቺ በፊት እኔም ፈቃዴን ተጠይቄ አላገባሁም።» እናቷ መርፌውን እንደገና ወጉ። «የሚፈሩት ውሃውን ብቻ ነው። ጸሐይ ደርሰዋል ካላለችኝ ተከዜ አልገባም ብለውኛል።»

ጸሐይነሽ ሌሊቱን ያሰላሰለችው ይህንኑ ነበር። ያቀናችው ክንድ፣ ያስተካከለችው እግር፣ ሁሉም እሷኑ ሊሰጥ የሚሻገር ነው። ዋናውን ከእሷ ሲማሩ ከፋሲካ እስከ ጳጉሜን አብረዋት ውለዋል። አንድ ቀን እንኳ አልነገሯትም።

«ይኸው» አሉ አባቷ ከውሃው ውስጥ። «ማዶ ደርሼ ልመለስ፤ ሳልቆም። ከዚያ ትነግሪኛለሽ።»

«ይሂዱ» አለች።

ሄዱ። ጸሐይነሽ ስህተት ፈለገች። እጃቸውን አየች፤ በትክክለኛው ቦታ ገባ። ክርናቸውን አየች፤ አልወደቀም። እግራቸው ውሃውን ሳያንቦጫርቅ፣ ከላዩ ብዙም ሳይርቅ ይመታል። ጉንጫቸው ከትከሻቸው ጋር ዞረ፣ አፋቸው ከውሃው ጠርዝ ላይ አየር ሳበ፣ ተመለሰ። የማዶውን ዓለት ነክተው ወራጁን እያቋረጡ ሲመለሱ እንኳ አልዘገዩም። እንዲህ የሚዋኝ ሰው ተከዜን ያቋርጣል፤ ወራጁ ከማዶው መውጫ ሳያሳልፈው ይደርሳል። ቁጣዋ ባሰ። አንድ ስህተት ቢኖር ይቀላት ነበር።

አባቷ ዓለቱን ይዘው ቀና አሉ። «እህስ? ደረስኩ?»

«አልደረሱም» አለች ጸሐይነሽ።

ይከራከሩኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አልተከራከሩም። «ምኔ ነው የጎደለው?» አሉ።

ይህን አላሰበችበትም። አባቷ ፍየል እንኳ ሲገዙ ጥርሱን ከፍተው ሳያዩ አርጅቷል የሚለውን ወሬ አይቀበሉም። የሆነ ነገር ማሳየት ነበረባት።

«ትንፋሽዎ ነው» አለች። «አንገትዎን ከዚህ የበለጠ ያንሡት። ሁለቱም ዓይኖችዎ ከውሃ መውጣት አለባቸው።»

«አንዱ ይቅር ብለሽኝ አልነበር?»

«እሱ ለጀማሪ ነው።»

የአባቷ ፊት በራ። «እኔስ ይህን አይደል የምፈልገው። ማየት። አዞው በየት በኩል እንደሚመጣ ማየት።» ከዚያ ዓለቱን በእግራቸው ገፍተው ተነሡ።

መጀመሪያዎቹ ቀዘፋዎች ደህና ነበሩ። ከዚያ አየር ሊስቡ ሲሉ አንገታቸውን አቀኑ፤ ዳሌያቸው ሰጠመ። እንደገና አቀኑ፤ እግራቸው ከጉልበት መምታት ጀመረ። በሦስተኛው ጊዜ ውሃ ጠጡ። እጆቻቸው ደረታቸው ሥር ተገናኙ፤ የለቀቃቸው አቀፋ ተመለሰ። ወደ ፊት መሄድ ትተው ቀጥ ብለው መታገል ያዙ። ወራጁ ቀስ ብሎ፣ ማንም የማያስተውለው በሚመስል ሁኔታ፣ ወደ ሁለቱ ቋጥኞች ይወስዳቸው ጀመር።

ጸሐይነሽ ዘለለች። ልብሷ እግሯ ላይ ተጠመጠመ። ከኋላቸው ደርሳ ብብታቸውን ያዘች። «በጀርባዎ ይተኙ» አለች ጆሯቸው ሥር። «አይያዙኝ። ይተኙ ብቻ።» ታዘዙላት። በአንድ እጅዋ እየቀዘፈች፣ እግሯ ድንጋይ እስኪነካ ድረስ ጎተተቻቸው።

አቶ ምንዋጋው በእጅና በጉልበታቸው ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ሳሉ። ከንፈራቸው አመድ መስሎ ነበር። ትንፋሻቸው ሲመለስ ያሉት ነገር ግን ጸሐይነሽ የጠበቀችው ቁጣ አልነበረም።

«አጠፋሁ። አንገቴን ባልሽኝ ልክ አላነሣሁትም መሰለኝ። ትንሽ ልረፍና ልድገመው።»

ጸሐይነሽ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። በእሳቸው ተናደደች፤ እንዲህ ስላመኗት። በራሷም ተናደደች።

«እንዳይደግሙት» አለች። «ዋሽቻለሁ። አንድ ዓይን ነው። ቅድም ደርሰው ነበር።»

አባቷ ዞር ብለው አዩዋት። «ምን አልሽ?»

«ደርሰው ነበር። ተከዜን ያቋርጡታል።»

«ታዲያ ለምን?»

«ለገብረ ሊባኖስ ልጅ ሊሰጡኝ ስለሆነ።»

«ማነው የነገረሽ?»

«ቀሚሱን አየሁት።»

«ልታሰምጪኝ ነበር?»

«እንዳይሻገሩ ነበር የፈለግሁት። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

«አላሰብሽም» አሉ፤ ተነሥተው ቆሙ። «ለልጁ ቤት የሚመርጥ አባት ነው። ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው። በክፋት ያደረግሁት መሰለሽ? ሀብታም ቤት ነው። አትራቢም።»

«ዋና ሲማሩ እኔን ጠየቁኝ።»

«ውሃውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

«እኔንስ ከእኔ በላይ ማን ያውቀኛል?»

አባቷ ጋቢያቸውን ከቁጥቋጦው ላይ መንጭቀው አነሡ። «ከዛሬ ወዲያ ከእኔ ጋር ውሃ አትገቢም» አሉ። «እሁድ ጉዞ እጀምራለሁ። በራሴ እሻገራለሁ።» ዳገቱን ያዙ።

ጸሐይነሽ የቀሚሷን ጫፍ እየጨመቀች ጀርባቸውን አየች። ይሂዱ፣ አለች በልቧ። እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ፤ ከዚህ ወዲያ የእኔ ዕዳ አይደለም።

ሆኖም ከውሃ ሲጎተቱ እንኳ አንገታቸው ወደ ላይ ተቀስሮ እንደ ነበር አይታለች። ቃሉን ማንሣት ትችላለች፤ ሰውነታቸው ግን የተማረው መጨረሻ የነገረችውን ነው፤ ያውም ሲመኙት የኖሩትን። ተከዜ መሐል ደርሰው ሲፈሩ አንድ ዓይን የተባለውን አያስታውሱም። አንገታቸውን ያነሣሉ።

ቁጣዋ አልበረደም። እንደ ተቆጣች ተነሣች።

«አባባ።»

ቆሙ፤ ግን አልዞሩም።

«ቅድም ያስተማርኩዎት አንገትዎ ላይ ቀርቷል። እንዲህ ሆነው ተከዜ አይገቡም። ይመለሱና ይስተካከል።»

ከላይ፣ ከሚታጠበው ሰው መሐል የሳቅ ድምፅ መጣ። አቶ ምንዋጋው ቀስ ብለው ዳገቱን ወረዱ። ሳያዩዋት አልፈው ጋቢያቸውን ድንጋይ ላይ አስቀመጡ።

«ይህ እሺ ማለቴ አይደለም» አለች ጸሐይነሽ። «ቃል ቢሰጡም አልሄድም። ትምህርት ቤት ሲከፈት እገባለሁ። ሽማግሌ ቢመጣ ራሴ ወጥቼ እነግራቸዋለሁ።»

አባቷ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። እጃቸውን አጥልቀው ፊታቸውን ታጠቡ።

«ለገብረ ሊባኖስ ምን ልበለው?» አሉ፤ ጀርባቸውን እንደ ሰጧት።

«ልጄ እምቢ አለች ይበሉት።»

«ይስቅብኛል።»

«ይሳቅ።»

አባቷ አንድ እርምጃ ወደ ጥልቁ ገፉ፤ ሌላ እርምጃ ጨመሩ፤ ቆመው ጠበቁ። ጸሐይነሽ ዓለቱ ላይ መውጣቱን ተወችው። እሷም እስከ ደረቷ ገብታ አጠገባቸው ቆመች።

«ቀስ ብለው ይንከሩ» አለች። ድምፅዋ አሁንም ቁጡ ነበር።